አልሄድንም

ዛንክት አንቶኒየን፣ የስዊስ ተራራ ሥር፣ ከጧቱ አንድ ሰዓት፣
(በነሱ ሰባት ነው) ዶርቴ ፍሉች ወጣች፣ ጉልበቷን እያመማት፤
ግንባሯ ላይ መብራት፣ ብብቷ ሥር ደብተር፣
ደጅ የተተከለውን መለኪያ እንጨቷን ልታይ፣ ልትቆጥር።

የቤቷ ጀርባ ድንጋይ ነው፣ እንደ መርከብ አፍንጫ የሾለ፣
ወደ ተራራው የዞረ፣ «ና እስቲ!» እያለ፤
ቅድመ አያቷ የገነቡት፣ ናዳ የመጣ ሌት
ለሁለት ተሰንጥቆ እንዲያልፍ፣ ሳይነካ ያንን ቤት።

«አዲስ የወረደ፣ ሠላሳ አራት ሳንቲሜትር።
ነፋስ ከሰሜን ምዕራብ። ጻፍ እንጂ፣ አትገተር።»

እጽፋለሁ። በኔ ቋንቋ በረዶ አንድ ቃል ነው፤
ቆርቆሮ የሚደበድበውም፣ ብርጭቆ ውስጥ ያለው፣
ይህም እንደ ባዘቶ ድምፅ ሳያሰማ የሚወርደው።
እሷ ግን ስም አላት ለእያንዳንዱ ንጣፍ፣
ነፋስ ጠቅጥቆ ለከመረው፣ ፀሐይ ለላሰችው ጫፍ፣
በብርድ ሌሊት ከሥር ለሚያድገው፣ እርስ በርስ ለማይያያዝ፣
እንደ ስኳር ለሚፈስ፣ ጭነት ለማይይዝ።
ለዚህኛው ቃል አጣሁና «ከዳተኛ» አልኩት፣
በደብተሯ ጠርዝ ላይ በፊደል ጻፍኩት።

ረፋዱ ላይ ወጣን። ሰማዩ የታጠበ ሳህን።
የጧቱ ማስጠንቀቂያ «ሦስተኛ ደረጃ» ብሎን፤
ሦስት ክፉ ቁጥር ነው። አራት ቢሉት ሰው ይቀራል፣
ሁለት ቢሉት ይሄዳል፣
ሦስት ላይ ግን እያንዳንዱ ከገዛ ምኞቱ ይማከራል።

ተዳፋቱ ፊታችን ተዘረጋ፣ ማንም ያልረገጠው፣
እንደ አዲስ አንሶላ፣ እጥፋት የሌለው።
አማረኝ። አልዋሽም። እግሬ ከልቤ ቀደመ።
የዶርቴ ዘንግ ግን ደረቴ ላይ ቆመ።

ቆፈረች። እስከ ወገቧ።
ከታች የኅዳር በረዶ፣ በላዩ ገና ሰሞን
የዘነበ ዝናብ የሠራው ቅርፊት፣
ከዚያ የትናንት ነፋስ፣ ድርቅ ያለ፣ ኩሩ፣ እንደ ባለሥልጣን።
አንዲት ዓምድ ቆርጣ ለየች፣ አካፋውን አጋደመችበት፣
ከእጅ አንጓዋ አሥር ጊዜ መታች፤ ንቅንቅ የለበት።
ከክርኗ ቀጠለች። አሥራ አንድ። አሥራ ሁለት።
አሥራ ሦስት፦
ዱብ!
የላይኛው ግማሽ ተንሸራቶ ወጣ፣ እንደ ጠረጴዛ መሳቢያ፣
በዚያው በከዳተኛው ላይ፣ ያለ አንዳች መያዣ፣ ያለ ማንጠልጠያ።

ውስጠ ወይራ ነው ይህ ተራራ፤ ላዩን ብቻ ያነበበ ሰው
ትርጉሙ የሚገባው ከሥሩ ሲሆን ነው።

ያን ጊዜ ሦስት ወጣቶች መጡ፣ ሰላም ብለውን አለፉ፣
ጉድጓዳችንን አይተው፣ ፈገግ ብለው ታጠፉ።
ተራ በተራ ወረዱ፣ ነጩ ዱቄት ከኋላቸው እየቦነነ፤
ትንፋሼን ይዤ ቆጠርኩ። ምንም አልሆነ።
ምንም።
ሦስት መስመር ቀረ በተዳፋቱ ደረት፣
ሳቃቸው ከሸለቆው ወጣ፣ ራቀ፣ ጠፋ የሄደበት።

«ተሳሳትን ማለት ነው?»
ጓንቷን አራገፈች።
«ተራራ ፈተና አርሞ አይመልስልህም» አለች።
«ወንድሜ ሉዚ ይህንን ገደል አርባ ጊዜ ወርዶታል።
አርባ ጊዜ 'ትክክል ነህ' ብሎታል።»
ከዚያ በኋላ እስከ ጫካው ድረስ አልተናገረችም።
በመጣንበት ዱካ ወረድን፣ እኔ እንደ ፈሪ እየቀፈፈኝ፣
የዳነ ሰው ስሜት ምን እንደሚመስል ማን ይንገረኝ?

ማታ ደብተሩን ሰጠችኝ። ሙቀት፣ ነፋስ፣ ጥልቀት።
ሰበረ፦ አሥራ ሦስተኛው ምት።
«አስተያየት» በሚለው ጠባብ ሣጥን
«አልሄድንም» ብዬ ጻፍኩ።

«ምን ይላል?» አለች፣ ፊደሉን በጣቷ እየተከተለች።
ነገርኳት።
«በኛ ሦስት ቃል ነው» አለች።
መብራቱን አጠፋች። ውጭ
እንደገና መውረድ ጀምሯል።